ጉለሌን የዘጋች ሴት

አዲሱ ገበያ ታክሲ መያዣው ጎን ካለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ጊዜ የገባ ሰው ቤርሳቤህ ገለታን አይረሳትም። ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት የሚያባዛው፣ ሲቪ የሚያሠራው ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ጣቷ ፈጣን ነው፤ አፏም ከጣቷ አይዘገይም። ሰልፍ ጥሶ የሚገባ ሰው ካየች ሽማግሌ አይል፣ ከረባት ያሰረ አይል፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል «እዚህ ቤት ቀድሞ የመጣ ነው ቀድሞ የሚስተናገደው» ትላለች። ቀና ስትል ደግሞ የባሰ ነው፤ ደንበኞቿ ያውቁታል።

አባቷ ከሱሉልታ ወርደው የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ደሳለች የጋሞ ሰው ናቸው። ቤታቸው ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በራቸውን ታክኮ ይወርዳል። እሑድ እሑድ እናት፣ ቤርሳቤህና ታናሽ ወንድሟ ኢዮሲያስ ዳገቱን ወጥተው ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው ይሄዳሉ። ቤርሳቤህ አላገባችም። ለምን አላገባሽም ብላ የጠየቀቻት ጎረቤት ነበረች፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

የዚህች ሴት ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከኢዮሲያስ ነው። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ክኒኑን ጠዋትና ማታ ከወሰደ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ካቋረጠ ግን የቆመበት ቦታ ላይ ይወድቃል። አሁን አሥራ አራት ወር ሙሉ አልወደቀም። ይኸው ልብ ሰጥቶት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠረ፤ የሚቆመው መጋዝ ማሽኑ ላይ ነው። ለአለቃው ስለ በሽታው ትንፍሽ አላለም። ቤርሳቤህ ለአለቃህ ንገረው ልትለው ቀን በቀን ታስባለች፤ ግን ልጁ የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናቱ ሲሰጥ ፊቱን አይታለችና ተወችው።

ችግሩ ክኒኑ ነው። ውድ አይደለም፤ ብቻ አንድ ወር ይኖራል፣ ሁለት ወር ድራሹ ይጠፋል። ከስድስት ዓመት በፊት በጠፋበት ሰሞን ቤርሳቤህ የሐኪም ማዘዣውን ይዛ ከፒያሳ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ላይ ስትኳትን፣ እግሯ አብጦ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለች ቤት ናት። ባለቤቱ ጋሽ ወልዱ ወጥተው አዩዋት፣ ማዘዣውን ተቀብለው አነበቡ፣ ውስጥ ገብተው አንድ እሽግ አመጡላት። «በየወሩ በሃያ አምስት ነይ፤ አስቀምጥልሻለሁ» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሃያ አምስት ትሄዳለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እሽጉ ከባንኮኒው ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይጠብቃታል። መድኃኒት የሚያስቀምጥልህ ሰው ማግኘት በዚህ ከተማ ዘመድ እንደማግኘት ነው።

ያ መኳተን ግን ከእግሯ እንጂ ከልቧ አልወጣም። ስለዚህ ኑሕ የሚባል የሐዋሳ ልጅ «መድኃኒት ጠቋሚ» የሚል ድረ ገጽ መክፈቱን ስትሰማ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ሆነች። ነገሩ ቀላል ነው። ማንም ሰው፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራም ይሁን ገዝቶ የሚወጣ፣ ሳይመዘገብ ስሙን ሳይናገር ይጽፋል፤ ይህ መድኃኒት እዚህ ቦታ አለ፣ እዚያ አልቋል ይላል። ፈላጊው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ያነባል። ሰው ሁሉ የጻፈውን ሰው ሁሉ ማረም ይችላል። ይህን የሚጠብቁ አምስት በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ጠባቂ ይባላሉ፤ በቁጥር እንጂ በስም አይታወቁም። ቤርሳቤህ ጠባቂ አራት ናት። ከኑሕና ከቤተሰቧ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ ጋሽ ወልዱም አያውቁም። ለምን ትነግራቸዋለች? ጠባቂነቷ ከታወቀ ይሉኝታ ይመጣል፤ ይሉኝታ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ መርዝ ነው።

ይኸው አንድ ሰኞ ጠዋት ጠቋሚውን ስትከፍት የኢዮሲያስ መድኃኒት ገጽ ላይ አንድ ነገር ሸተታት። ትናንት ማታ አንድ ሰው «አዲሱ ገበያ አካባቢ አለ» ብሎ የጻፈው መስመር ጠፍቷል። በምትኩ «ቃሊቲ፣ መናኸሪያው ጀርባ አለ» ይላል። ቃሊቲ! ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ። ስልክ ቁጥር የለው፣ የመድኃኒት ቤቱ ስም የለው። አጥፍታ የቀድሞውን መለሰችው። ሻይዋን ሳትጨርስ እንደገና ቃሊቲ ሆነ። መለሰች። ቃሊቲ። መለሰች። አራተኛው ላይ የጥፋተኛውን የኢንተርኔት ቁጥር ይዛ አገደችው፤ አገድኩት ብላ እጇን ሳታነሳ በሌላ ቁጥር መጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በስልክ ዳታ የሚገባ ሰው የሚይዘው ቁጥር እንደ ቤት ቁጥር የእሱ አይደለም፤ እንደ ታክሲ ወንበር ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቀመጥበታል። ዳታውን አጥፍቶ ካበራ ወንበር ይቀይራል። ጠባቂዋ የምታግደው ወንበሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ሰውየው ይነሣና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተዝናንቶ ይቀመጣል።

በዚያ ቀን አሥራ ሰባት ጊዜ መጣ። ቤርሳቤህ በአንድ ዓይኗ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች በሌላው እሱን ትጠብቃለች። ሁልጊዜ ያው መድኃኒት ነው፤ ሁልጊዜ ከጉለሌና ከአካባቢው የተጻፈውን ብቻ ያጠፋል፣ ሁልጊዜ ሰውን ወደ ቃሊቲ ይሸኛል። ይህ ልጆች ለጨዋታ የሚያደርጉት አይደለም አለች በልቧ። ይህ አየር በአየር ነጋዴ ነው፤ መድኃኒቱን ሰብስቦ፣ ሰው ሲጨንቀው በሦስት እጥፍ ሊሸጥ ነው። በኢዮሲያስ እስትንፋስ ሊነግድ ነው። ደሟ ፈላ። ለውጥ ያደረገ ሰው ምክንያቱን የሚጽፍባት ትንሽ ቦታ አለች፤ ሰውየው ከሰዓት በኋላ እዚያች ላይ «አንተ ሰው፣ ሥራ የለህም እንዴ?» ብሎ ጻፈባት። ዓይኑን በጨው ያጠበ! ቤርሳቤህም «ሥራ ያጣኸውስ አንተ፣ በሰው ሕመም የምትጫወተው» ብላ መለሰችለት። ጠባቂ እንዲህ እንዲጽፍ አይፈቀድም፤ ቢሆንም ጻፈች፤ ትንሽ ቀለል አላት።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ከሰዓት ላይ ቁጥሮቹን አንድ ላይ ደርድራ አየቻቸው። ሁሉም ከአንድ የስልክ መረብ ናቸው፤ ኑሕ በሠራላቸው ካርታ መሠረት ያ መረብ ከፒያሳ ወደ ላይ ያለውን፣ ጉለሌን፣ ቀጨኔን፣ አዲሱ ገበያን፣ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን ይሸፍናል። ለእንዲህ ያለው ነገር ጠባቂዎች አንድ መሣሪያ አላቸው፤ ጅምላ እገዳ ይሉታል። ወንበር ወንበሩን ትተው ታክሲውን በሙሉ ያቆሙታል። በዚያ መረብ የሚገባ ማንም ሰው ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ ግን አይችልም።

ለኑሕ ደወለች። ኑሕ ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ አንዳንዴ እርጋታው ያናድዳታል። ሁሉን ነገረችው። ዝም ብሎ ሰማትና ጥፋተኛው ካለበት መረብ ላይ ሌላ ማን እንደሚጽፍ አይታ እንደሆነ ጠየቃት። አይታለች። በሳምንቱ ውስጥ ከዚያ መረብ ሰባ አንድ ጽሑፍ ገብቷል፤ ሠላሳ ዘጠኙ የእሱ ናቸው፣ ሠላሳ ሁለቱ ግን የጤነኛ ሰዎች።

«ሠላሳ ሁለት ሰው አፉን ልትዘጊ ነው» አላት ኑሕ።

«ሠላሳ ሁለቱ ቢጽፉም ያጠፋዋል እኮ። ምን ለውጥ አለው?»

«ያጠፋው ያንድ መድኃኒት ነው ቤርሲ። እነዚያ የስኳሩን፣ የደም ግፊቱን፣ የአስሙን ይጽፋሉ። ሁለት ቀን አስቢበት።»

ሁለት ቀን! ኢዮሲያስ መጋዝ ላይ ቆሟል፣ ይኸ ልጅ ሁለት ቀን አስቢበት ይላታል። አስባለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች፤ የማገዱ ሥልጣን የእሷም ነውና ዘግታ አላሰበችም። ጅምላ እገዳውን ከፈተች፣ ለአንድ ሳምንት ብላ ሞላች፣ ምክንያቱን «ተደጋጋሚ ጥፋት» ብላ ጻፈች፣ ተጫነችው። እግረ መንገዷን ገጹን አጸዳች፤ ቃሊቲ የሚለውንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የቆየ መስመርም አነሣች፤ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አዲስ ይጻፍ ብላ። ማን ይጻፍ? የዘጋችባቸው እኮ ናቸው። ይህ በዚያ ሰዓት ትዝ አላላትም፤ ንዴት የያዘው ሰው ሒሳብ አይሆንለትም።

ረቡዕ ጸጥ አለ። ቃሊቲ የለ፣ ስድብ የለ። ቤርሳቤህ በድል ስሜት ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረች ስትጽፍ ዋለች። ማምሻውን ግን ጠቋሚውን ከላይ እስከ ታች ብታየው ቦሌ ይጽፋል፣ ኮልፌ ይጽፋል፣ ሳሪስ ይጽፋል፤ ጉለሌ በሚለው ሥር አንድ መስመር የለም። የስኳሩም የለም፣ የአስሙም የለም። ሰው እንደሌለበት ሰፈር ባዶ ነው። ትንሽ ቅር አላት። ሳምንት ምን አላት ብላ ራሷን አጽናናች።

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ገባች። ሾዴ ትባላለች፤ ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ካለው መንደር የምትመጣ፣ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። ከደረቷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ አምስት ኮፒ እንድታነሣላት ጠየቀች። ቤርሳቤህ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ስታስተኛ ዓይኗ ዐረፈበት። የሐኪም ማዘዣ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ስም በሕልሟም ታውቀዋለች፤ የኢዮሲያስ መድኃኒት ነው።

አምስት ኮፒ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መድኃኒት ሲጠፋ ቤተ ዘመድ ማዘዣውን ይከፋፈልና አንዱ ወደ መርካቶ፣ አንዱ ወደ ሜክሲኮ ይሠማራል። ቤርሳቤህ ግን ጠየቀች። ሾዴም ነገረቻት። ልጇ ኢፍቱ ሰባት ዓመቷ ነው። መድኃኒቱ ካለቀ አራተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ ዕለት ስልኳ ላይ ጠቋሚ የሚባለውን አይታ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቃሊቲ ወረደች፤ መናኸሪያው ጀርባ የሲሚንቶ መጋዘን እንጂ መድኃኒት ቤት የለም። በዚያው አልቅሳ ተመለሰች። ትናንት ልጅቷ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ ምላሷን ነከሰች፤ አሁን ከጎረቤት ጋር ናት።

ቤርሳቤህ እዚሁ ጉለሌ መድኃኒት ቤቶቹን ጠይቃ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሾዴ ከአንዱ ገብታ የለም መባሏን ነገረቻት። ሌሎቹን ግን አልሄደችባቸውም፤ ምን ሊያደርግላት?

«ጉለሌ የለም ማለት ነው» አለች ሾዴ። «ቢኖርማ ሰው ይጽፈው ነበር። ይኸው ስልኩን ከማክሰኞ ጀምሬ ሳየው ነው የዋልኩ፣ ያደርኩ። አንድ ሰው አልጻፈም።»

ክፉ ቃል አይደለም የተናገረችው። ቤርሳቤህን ግን እንደ ጥፊ አገኛት። እገዳውን አሁኑኑ ላንሣው ብላ እጇን ወደ ስልኳ ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ብከፍተው ያ ሌባ በአምስት ደቂቃ ይመለሳል፣ ይህችን ሴት እንደገና ቃሊቲ ይሰዳታል አለች። እውነት ነው። ግን ይህ ብቻ አልነበረም፤ ተሳስቻለሁ ብሎ ኑሕን ማነጋገርም አለ፤ እሱ ከብዷታል። እና ጋሽ ወልዱ አሉ አይደል? ዛሬ ሃያ አምስት ነው። ለአንድ ሕፃን አንድ እሽግ አያጡም። የሾዴን ስልክ ቁጥር ጻፈች፣ ኮፒውን በነፃ ሰጠቻት፣ እስከ ማታ እደውልልሻለሁ አለቻት። ሾዴ አመነቻት፤ ምን አማራጭ አላት?

በአሥር ሰዓት ሱቁን ዘግታ ዳገቱን ወጣች። ጋሽ ወልዱ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ገና ሲያዩዋት ጎንበስ ብለው በጋዜጣ የተጠቀለለውን እሽግ ባንኮኒው ላይ አኖሩት፤ ወንድምሽ እንዴት ነው አሉ፣ አሥራ አምስተኛ ወሩን ያዘ ስትላቸው እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። ቤርሳቤህ ስለ ሾዴ ልጅ ነገረቻቸውና አንድ እሽግ ይጨምሩልኝ ብላ ለመነቻቸው።

ጋሽ ወልዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከባንኮኒው ሥር ያለው አሥራ አንድ እሽግ ነው፤ አሥራ አንዱም ሰው አለው። ከሌሎች መድኃኒት ቤቶች እየገዙ ነው የሚሞሉት፤ ሰሞኑን እሱም ከብዷል። ይህን እያሉ ስልካቸውን አነሡና በምሬት አዩት።

«አንቺ ኮምፒውተር ታውቂ የለ? እስቲ ይህን እዪልኝ። ጠቋሚ የሚሉት ነገር አለ አይደል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቢ አለኝ። አላስጽፍ አለኝ።»

«ምን ሊጽፉ ፈልገው ነው ጋሼ?»

«ልጽፍ አይደለም፣ ላጠፋ ነው። ጉለሌ አለ እያሉ ይጽፋሉ፤ ሰው ግር ብሎ መጥቶ የእናንተን ይጨርሰዋል። ስለዚህ አጠፋና ራቅ ያለ ቦታ አደርገዋለሁ፣ እንዲበተኑልኝ። አንድ ጎረምሳ ግን አለ እዚያ ላይ፤ ሥራ የለህም እንዴ ብዬ ብጽፍለት መልሶ ሰደበኝ። እሱ ነው መሰለኝ የዘጋው።»

ቤርሳቤህ ባንኮኒውን ያዘች። የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ሁለት ቀን ሙሉ በልቧ የረገመችው፣ አየር በአየር ነጋዴ ያለችው፣ ፊቱን በሐሳቧ ሥላ የጠላችው ሰው ይኸው ነው፤ ኢዮሲያስ ሲወድቅ አብረዋት የሚደነግጡት ጋሽ ወልዱ። ደግሞ ተናደደች፤ ደግሞ አፈረች፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡባት።

«ጋሼ» አለች። «የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ። ጎረምሳው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ወልዱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነበር የማጠፋው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተናገሩ። ጋሽ ወልዱ ያነሡት የካቻምናውን ጥቅምት ነው፤ አንድ ሰው እሳቸው ጋ መኖሩን ጻፈ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ያለ ሰው ጎረፈ፣ ሃምሳ እሽግ እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ። ከነባሮቹ አራት አምስቱ በየቀናቸው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከእነሱ አንዱ፣ አብራር የሚባል የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ በሳምንቱ ምድጃው ላይ ወደቀ፤ ግራ እጁ ዛሬም አይዘረጋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሰው እንዳይጎድልብኝ ብዬ ማልሁ አሉ። ቤርሳቤህ ስለ ሲሚንቶው መጋዘን ነገረቻቸው፤ ስለ ሾዴ እንባ፣ ስለ ልጅቷ ምላስ። ጋሽ ወልዱ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ደውሎ ሳያረጋግጥ ማን ይሄዳል ብዬ» አሉ፤ ድምፃቸው አነሰ። ስልክ ቁጥር እንዳልጻፉ ያኔ ነው የታወሳቸው።

ቤርሳቤህ እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣች፣ የጅምላ እገዳውን ገጽ ከፈተች፣ አነሣችው። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። ምክንያቱን በምትጽፍበት ቦታ ላይ «ስሕተቱ የእኔ ነው» ብላ ጻፈች። ከዛሬ ጀምሮ የሚያጠፉትን ሁሉ እመልሰዋለሁ አለቻቸው። ጋሽ ወልዱ አልተቆጡም። የባሰውን አደረጉ። ከመሳቢያቸው አንድ ጥግ ጥጉ ያለቀ ደብተር አውጥተው ፊቷ ዘረጉት። አሥራ አንድ ስም አለበት፤ አብራር አንደኛ ነው፣ ጀና የምትባል የሁለት ልጆች እናት አለች፣ ዓለሜ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ። አራተኛው ኢዮሲያስ ገለታ ነው።

«ለልጅቷ ልስጥ። እሺ። ከማን ልውሰድ?» አሉና እስክሪብቷቸውን ደብተሩ ላይ አኖሩ። «እኔ አልችልም፤ ስድስት ዓመት ሞክሬ አቅቶኛል። አንቺ ሰርዢ።»

ቤርሳቤህ ስሞቹን አነበበች። እንደገና አነበበች። የአብራርን እጅ አሰበች፤ የማታውቃትን የጀናን ሁለት ልጆች አሰበች። የሌላ ሰው ስም ላይ እጇን ማሳረፍ አልቻለችም። ሰልፍ ጥሰህ ገባህ እያለች ስትጮህ የኖረች ሴት፣ ስድስት ዓመት በጓሮ በር ስትገባ መኖሯ ደግሞ አሁን ገና ታያት፤ ፊቷ ጋለ። እስክሪብቶውን አንሥታ ኢዮሲያስ ገለታ የሚለው ላይ አንድ መስመር ሳበች። ቀጥ ያለ መስመር ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለውን እሽግ ወደ ጋሽ ወልዱ መልሳ ገፋችው፣ ለሾዴ ደወለች፣ ነይና ውሰጂ አለቻት። ሾዴ በሃያ ደቂቃ ሮጣ ደረሰች። ለማን እንደነበረ አልነገሯትም። እሽጉን ጨብጣ እያለከለከች ስትመርቃቸው ጋሽ ወልዱ ወደ መደርደሪያው ዞሩ።

ቤርሳቤህ ቁልቁለቱን ስትወርድ ደስ ብሏት ነበር። መዋሸት አያስፈልግም፤ ደስ ብሏት ነበር። መንገድ ላይ ስልኳን ብታየው ጉለሌ በሚለው ሥር ሰባት መስመር ገብቷል፤ የስኳሩ አለ፣ የአስሙ አለ። የኢዮሲያስ ግን የለም። ቤት አራት ቀን የሚያደርስ ክኒን አለ፤ በአራት ቀን ውስጥ እንፈልጋለን፣ እንደ ሰዉ እንፈልጋለን አለች።

ኢዮሲያስን ገና ፀሐይ ሳትገባ ደርሶ ግቢው ውስጥ በፎጣ ከጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ እያራገፈ አገኘችው። እናታቸው ጎረቤት ለጸሎት ሄደዋል። እሱ እንደ ልማዱ በሃያ አምስት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቦርሳዋ ላይ ነው። ምንም ሳታስቀር ነገረችው፤ ከቃሊቲው ጀምራ እስከ ደብተሩ፣ እየተጣደፈች፣ አመስግነኝ ሊል ምንም ያልቀረው ድምፅ ይዛ። ኢዮሲያስ ፎጣውን እንደያዘ ሰማት።

«የሰረዝሽው የእኔን ስም ነው» አላት። «ያንቺ ስም እዚያ ደብተር ላይ የለም።»

አፏን ከፈተች። ሕፃን ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው ልትል ነበር። አየና አቋረጣት። ልጅቷ መውሰዷን አልጠላሁም አለ፤ ብትጠይቂኝ እኔው ስጪያት እል ነበር፣ ግን አልጠየቅሽኝም። ከጋሽ ወልዱ ወርዶ እዚህ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ለመደወልስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እሷ ይህን ሁሉ ስትሰማ፣ ኑሕ ማክሰኞ የጠየቃት ያው ጥያቄ መሆኑ ገባት። የምትዘጊበት ሌላ ማን እንዳለ አይተሻል ነበር ያላት።

ተመልሼ ጋሽ ወልዱ ጋ ልሂድ፣ ስምህን ላስጽፈው አለች፤ እንባዋ መጣ። ኢዮሲያስ ሳቅ አለ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። ሄደሽ የማንን ልታሰርዢ ነው አላት። ነገ ጠዋት ለአለቃው በሽታውን እንደሚነግረው፣ ክኒኑ እስኪገኝ መጋዙ ላይ እንደማይቆም፣ ምናልባትም ከነገ ወዲያ ሥራ እንደማይኖረው አንድ በአንድ ነገራት፤ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፣ ድምፁን ሳያነሣ። ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ቆም አለ።

«ሁለተኛ በእኔ ስም ደግ እንዳትሆኚ» አላት።

«እሺ» አለች ቤርሳቤህ።